ባሴላ፦ ሐረጋማ የቅጠል አትክልትን በዘነበወርቅ የመኖሪያ ግቢ ማልማት

ባሴላ ቅጠሉና ለጋ ጫፉ እንደ ጎመን ተሠርቶ የሚበላ፣ ግንዱ በድጋፍ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ የሚወጣ የሞቃት አካባቢ አትክልት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ባሴላ አልባ ሲሆን፣ በዘር ማሸጊያዎች ላይ በአብዛኛው የሚገኘው «ማላባር ስፒናች» በሚለው የንግድ መጠሪያው ነው። ስሙ ስፒናች ይባል እንጂ ከስፒናችም ሆነ በአገራችን ገበያ በስፋት ከሚታወቀው ቆስጣ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል አይደለም። ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅና የልብ ቅርጽ ያለው ነው። ግንዱ አረንጓዴ የሆነና ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሁለት ዓይነት በብዛት ይመረታል፤ በአመጋገብ ረገድ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። በባንግላዴሽና በምሥራቅ ሕንድ የዕለት ምግብ ነው፤ በፊሊፒንስ አሉግባቲ፣ በምዕራብ ኬንያ ደግሞ ንደረማ በሚል ስም ይታወቃል።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተያዘው «የሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብር እና በከተማ ግብርና እንቅስቃሴ ምክንያት በአዲስ አበባ ግቢያቸውን ለአትክልት የሚያውሉ ነዋሪዎች አዳዲስ ዝርያዎችን መጠየቅ ጀምረዋል። ባሴላ ከእነዚህ አንዱ ነው። ተክሉ በሞቃት ቆላ ያለ ብዙ ድካም የሚያድግ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን በተመሳሳይ መንገድ ሊያዝ አይችልም። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ከአየሩ ቅዝቃዜ በተጨማሪ የአፈሩ ደኅንነት ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ዘነበወርቅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራና የስጋ ደዌ ሕክምና ይሰጥበት በነበረው ሆስፒታል ዙሪያ የተመሠረተ ሰፈር ነው። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአለርት ማዕከል እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ይገኛል። ለሕክምና ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር መጥተው ከዳኑ በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በአካባቢው ይኖራሉ። አብዛኛው ግቢ ጠባብ ነው፤ በአንድ የጋራ ግቢ ውስጥ በርካታ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሁኔታም የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መደብ አውጥቶ ጎመን መትከል አስቸጋሪ ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚያድግ አትክልት ግን አንድ ክንድ በማይሞላ መሬት ወይም በአንድ ጀሪካን ውስጥ ተተክሎ አጥርን ወይም ግድግዳን እንደ ማሳ ሊጠቀም ይችላል። ባሴላ ለዘነበወርቅ የሚመረጥበት ቀዳሚ ምክንያትም ይኸው ነው።

በሌላ በኩል አካባቢው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ሲጣልበት ከኖረው የረጲ ወይም በተለምዶ ቆሼ ከሚባለው ቦታ ብዙም አይርቅም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ ቦታ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው የሚዘነጋ አይደለም። ለአትክልት አልሚው ግን ከዚህ የተለየና በዓይን የማይታይ ሥጋት አለ። የባትሪ፣ የቀለም፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃና የፋብሪካ ተረፈ ምርት ተቀላቅሎ በሚጣልበት ቦታ አፈርና የሚፈስ ውኃ እርሳስን፣ ካድሚየምንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ሊይዝ ይችላል። ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች በአጠቃላይ ከፍሬ አትክልቶች ይልቅ እነዚህን ብረቶች በሚበላው ክፍላቸው ያከማቻሉ። በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ የአዲስ አበባ አትክልቶች ላይ ባለፉት ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶችም ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመንን በተመለከተ ተመሳሳይ ሥጋት አሳይተዋል። በቅጠሉ ላይ ያረፈ አቧራ በማጠብ ይወገዳል፤ በሥር በኩል ገብቶ የተከማቸ ብረት ግን በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወጣም።

ስለዚህ በዘነበወርቅ ባሴላን በቀጥታ በግቢው መሬት ላይ መትከል አይመከርም። ምንጩ በታወቀ አፈር በተሞላ ዕቃ ውስጥ መትከል ዋናው ጥንቃቄ ነው። ይህ ምክር የግቢው አፈር ሁሉ የተበከለ ነው የሚል ድምዳሜ አይደለም፤ በላቦራቶሪ ያልተመረመረ አፈርን በዓይን አይቶ ንጹሕ ነው ማለት ስለማይቻል ነው። «ጥቁርና ለም ነው» እየተባለ ከአሮጌ የቆሻሻ መጣያ እየተዛቀ ለጓሮ የሚመጣ አፈር ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፤ ጥቁርነቱ ለምነቱን ሊያሳይ ይችል ይሆናል፣ ውስጡ ያለውን ግን አይናገርም።

ዕቃና አፈር

የ20 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ፣ ከሥሩም ውኃ የሚያንጠፈጥፉ አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳዎች ተበጅተውለት ለሁለት ተክሎች ይበቃል። ጆንያና የማዳበሪያ ከረጢትም ያገለግላሉ፤ ሆኖም በፀሐይ ስለሚበጣጠሱ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆዩም። የፀረ ተባይ፣ የቀለም ወይም የኬሚካል መያዣ የነበረ በርሜልና ባልዲ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ ተክል መዋል የለበትም። የአፈሩ ጥልቀት ከ30 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል።

ለመሙያ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ብስባሽ እና አንድ እጅ አሸዋ ይደባለቃል። አፈሩ ከመንገድ ዳር፣ ከጋራዥ አጠገብ ወይም ከወንዝ ዳር የተወሰደ መሆን የለበትም። ብስባሹ ከራስ ማዕድ ቤት ከሚወጣ የአትክልት ልጣጭ፣ ከደረቅ ቅጠልና ከከብት ወይም ከበግ እበት ሊዘጋጅ ይችላል፤ እበት ያለበት ብስባሽ ቢያንስ ሦስት ወር ሳይበሰብስ አይጨመርም። የማገዶ አመድ በጥቂቱ ቢነሰነስ የአፈሩን አሲዳማነት ይቀንሳል፤ ይህም ተክሉ ብረቶችን የመሳብ አቅሙን ለማዳከም ጭምር ይረዳል። ፕላስቲክ፣ ጎማ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት ከተቃጠለበት የተገኘ አመድ ግን ፈጽሞ አይጨመርም።

በፈረቃ ውኃ በሚደርስበት ሰፈር የውኃ ጉዳይ ከአፈር አያንስም። ባሴላ ቅጠሉ ወፍራም በመሆኑ ድርቀትን የሚቋቋም ቢመስልም፣ ውኃ ሲጎድለው ፈጥኖ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመራል። ጤፍ፣ ሩዝና ምስር የታጠበበት ውኃ ያለ ሥጋት ይጠጣል። የሳሙናና የኦሞ እጣቢ እንዲሁም በግቢው ቦይ የሚወርድ ፍሳሽ አይሰጠውም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውኃም ጥሩ ነው፤ በበጋው በጣሪያው ላይ የተከማቸውን አቧራ ስለሚያጥብ ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዝናቦች ውኃ ይፈስሳል እንጂ አይጠራቀምም።

ቅዝቃዜን ማሸነፍ

ባሴላ በደንብ የሚያድገው ቀኑ ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች በቆየ ቁጥር እድገቱ ይዘገያል፤ ውርጭ ከነካው ደግሞ ይሞታል። የአዲስ አበባ ቀን እምብዛም ከ25 ዲግሪ አይዘልም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱም የተለመደ ነው። ከዚህ የተነሣ በቆላ ከ50 እስከ 70 ቀናት ውስጥ ለመቆረጥ የሚደርሰው ባሴላ በዘነበወርቅ ሦስት ወር ገደማ ቢፈጅ ሊያስገርም አይገባም። ባሴላ በዚህ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ጎመንን የሚተካ አትክልት አይሆንም። የአበሻ ጎመን ብርዱን የለመደ፣ ዘሩም በየሰፈሩ የሚገኝ በመሆኑ ቦታውን እንደያዘ ይቆያል። የባሴላ ጥቅም ጎመን በሙቀትና በውኃ እጥረት በሚጠወልግባቸው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ጎልቶ ይታያል።

ቦታ ሲመረጥ የፀሐይን አቅጣጫ መከተል ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በቀዝቃዛዎቹ የበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትውላለች። ስለሆነም ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ የድንጋይ፣ የብሎኬት ወይም የጭቃ ግድግዳ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ እየመለሰ ተክሉን ከብርድ ይታደገዋል። ጀሪካኑ ከእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይቀመጣል። የቆርቆሮ አጥር በቀን ብርሃንና ሙቀት ያንጸባርቃል፤ ሌሊት ግን ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ የግድግዳን ያህል አያገለግልም።

ዘሩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ከመዘራቱ በፊት አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያም ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ጊዜ በትንንሽ ዕቃዎች፣ በቤት ውስጥ ማዕድ ቤት አጠገብ ወይም መስኮት ሥር ይዘራል። ጥልቀቱ ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም። በሞቃት ስፍራ በሁለት ሳምንት የሚበቅለው ዘር በዚህ አየር ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ «አልበቀለም» ተብሎ ቶሎ መደፋት የለበትም። ችግኙ አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠሎች ሲያወጣ፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ወደ ጀሪካኑ ይዛወራል። በተክሎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል።

ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ባሴላ ማግኘት የሚቻል ከሆነ ግን ዘር መፈለግ አያስፈልግም። አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ ግንድ የታች ቅጠሎቹ ተነሥተውለት እርጥብ አፈር ውስጥ ሲተከል ወይም በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ሥር ያወጣል። በቁራጭ የተተከለ ሐረግ ከዘር ከበቀለው ቀድሞ ይደርሳል።

ድጋፍ፣ አበባና አቆራረጥ

ለድጋፍ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሚደርስ ቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ አጣና ተተክሎ በመካከሉ ሲባጎ ይወጠራል። ሐረጉ ራሱን ስለሚጠመጥም መጀመሪያ ላይ አቅጣጫ ማስያዝ ብቻ ይበቃዋል። ውኃ የጠገበው ሐረግ ከባድ ስለሆነ አጣናው በነፋስ እንዳይወድቅ ከግድግዳው ጋር ይታሰራል። በጋራ ግቢ ውስጥ ሐረጉ የጎረቤትን መስኮት እንዳይጋርድ አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው። ተክሉ 40 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉ ይቀነጠባል፤ ይህም የጎን ቅርንጫፎች እንዲበዙ ያደርጋል።

በብዙ የውጭ አገር መመሪያዎች ባሴላ በበጋቸው እንደማያብብ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ለኢትዮጵያ አይሠራም። ባሴላ የቀኑ ርዝመት ከ13 ሰዓት ገደማ ሲያንስ የሚያብብ ተክል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ በማንኛውም ወር ነጭና ሮዝ የሆኑ ጥቃቅን አበቦችን ሊያወጣ ይችላል። አበባው በታየ ቁጥር ከነጫፉ መቀንጠብ ኃይሉ ወደ ቅጠል እንዲሄድ ያደርጋል፤ የተቀነጠበውም ጫፍ ይበላል። ለዘር የሚፈለግ አንድ ሐረግ ብቻ ሳይቀነጠብ ይተዋል። ጥቁር ወይን ጠጅ ሆኖ የሚበስለው ፍሬው ልብስ የሚያቀልም ጭማቂ ስላለው ሕፃናት ሲጫወቱበት ልብሳቸውን ያበላሻል፤ በሌሎች አገሮች ለምግብ ማቅለሚያ ይውላል።

ቅጠሉ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከለጋው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል እየተቀነጠበ ይሰበሰባል። ከአንድ ተክል በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አይወሰድም። በየሦስት ሳምንቱ ሁለት እፍኝ ብስባሽ ማልበስ በቂ ነው።

ተባይ ብዙ አያጠቃውም። በክረምት ቀንድ አውጣ በሌሊት ቅጠሉን ይበሳል፤ በባትሪ ብርሃን ለቅሞ ማስወገድ ይቻላል። በእርጥበት ወራት በቅጠሉ ላይ ቀላ ያለ ዳር ያላቸው ነጠብጣቦች ከታዩ የታመሙት ቅጠሎች ተለቅመው ከግቢ ይወገዳሉ፤ ውኃም ከላይ መርጨት ቀርቶ ከሥር ይጠጣል። በየሳምንቱ ለሚበላ ቅጠል የፀረ ተባይ ኬሚካል መርጨት ምንም ዓይነት ምክንያት ሊቀርብለት አይገባም። በሐምሌና በነሐሴ ከሚጥለው በረዶ ለመከላከል ጀሪካኑን ወደ ጣሪያ ክፈፍ ማስጠጋት ይበቃል፤ ተክልን በዕቃ የማልማት አንዱ ጥቅም ይኸው መንቀሳቀሱ ነው።

የእጅና የእግር ስሜታቸው ለቀነሰ አልሚዎች

ስጋ ደዌ ታክሞ ከዳነ በኋላም በነርቭ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሊቀር ስለሚችል፣ አንዳንድ ሰዎች በእጃቸውና በእግራቸው ሕመም፣ ሙቀትና ስለት አይሰማቸውም። ለእነዚህ ነዋሪዎች የአትክልት ሥራ አደጋው ቁስል ነው፤ ያልተሰማ ጭረት ሳይታከም ይቆይና ይመረቅዛል። ባሴላ በዚህ ረገድ ከሌሎች ሐረጎች ይመረጣል። ግንዱ ለስላሳና እሾህ የሌለው ነው፤ ያለ ቢላ በጣት ይቀነጠባል፤ ጀሪካኑ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ላይ ከፍ ብሎ ሲቀመጥም ሳይጎነበሱና ሳይንበረከኩ፣ ቆመው ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሠሩታል። የዱባ ለጋ ቅጠል በኬንያና በዛምቢያ ተወዳጅ ምግብ ሲሆን ብርዱንም ከባሴላ የተሻለ ይችላል፤ ነገር ግን ግንዱና ቅጠሉ የሚቧጥጥ ጸጉር ስላለው ስሜት ለሌለው እጅ ያለ ጓንት አይመከርም።

አፈር ሲደባለቅና አጣና ሲተከል ወፍራም ጓንትና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ፣ የመኮትኮቻና የዶማ እጀታን በጨርቅ መጠቅለል፣ ከሥራ በኋላ እጅና እግርን በዓይን መመርመር ያስፈልጋል። የደረቀ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ በውኃ ዘፍዝፎ ቫዝሊን መቀባትም በጤና ባለሙያዎች የሚሰጥ የዘወትር ምክር ነው። ሲበስል ድስት በባዶ እጅ አይወርድም።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። የስጋ ደዌ ታማሚ የነበረ ሰው ያመረተውን አትክልት ላለመግዛት የሚያመነቱ ሰዎች ዛሬም ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ስጋ ደዌ በምግብ ወይም በአትክልት አይተላለፍም። በሽታው የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ታማሚ ጋር ለረጅም ጊዜ በሚኖር የቅርብ ንክኪ፣ በአፍና በአፍንጫ በሚወጣ ጠብታ ሲሆን፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው ወደ ሌላ አያስተላልፍም። መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል።

በማዕድ

ባሴላ ሲቆረጥ እንደ ባሚያ ወይም እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ይወጣዋል። ይህን የማይወድ ቤተሰብ ቅጠሉን ብዙ ሳይቆርጥ፣ በተቁላላ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ላይ በጠንካራ እሳት ለሦስትና ለአራት ደቂቃ ብቻ ቢያማስለው ፈሳሹ ይቀንሳል። እንደ ጎመን ለረጅም ጊዜ መቀቀል ግን ያበዛዋል። በሌላ በኩል ይህ ባሕርይው ወጥ ስለሚያወፍር በምስር ወጥ ወይም በሽሮ ላይ ከመውረዱ ትንሽ ቀደም ብሎ መጨመሩ ለጾም ጥሩ ነው። በጥር የተዘራው ለመቆረጥ የሚደርሰው በሚያዝያ አካባቢ ስለሆነ፣ የሁዳዴን ጾም በባሴላ ለማለፍ ያሰበ ሰው ካለፈው ዓመት ያቆየው ሐረግ ሊኖረው ይገባል።

ቅጠሉ የቫይታሚን ኤ ምንጭ የሆነ ንጥረ ነገር፣ ቫይታሚን ሲ፣ ካልሲየምና ብረት ይዟል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ሆኖም በቅጠል ውስጥ ያለ ብረት በሰውነት የሚወሰደው በጥቂቱ ነው። ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ መብላት አወሳሰዱን ያሻሽላል፤ ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ይቀንሰዋል። ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ለነፍሰ ጡር እናት ዋጋ ያለው ልማድ ነው። ትንሽ ዘይት መጨመር ቫይታሚን ኤ እንዲወሰድ ይረዳል። የደም ማነስ እንዳለበት በጤና ተቋም የተነገረው ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት በአትክልት ሊተካ አይገባም። ባሴላ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው፣ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑም ዋርፋሪን የተባለውን ደም አቅጣኝ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመመገቡ በፊት ሐኪሙን ያማክራል።

በየአጥሩና በየወንዙ ዳር የሚበቅሉ፣ ቅጠላቸው የልብ ቅርጽ ያለው ሌሎች ሐረጎች አሉ፤ አንዳንዶቹ መርዛማ ናቸው። ዘሩ ወይም ቁራጩ ከታወቀ ሰው ካልተገኘ በስተቀር ባሴላ ይመስላል በሚል ብቻ ቀንጥቦ መብላት አይገባም።

መስከረም ሲጠባ ከጤናማው ሐረግ ሦስት ወይም አራት ቁራጮች ተወስደው በትንሽ ዕቃ ይተከላሉ። እነዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት ወደ ቤት እየገቡ፣ ቀን ፀሐይ ላይ እየዋሉ፣ ውኃም በጥቂቱ እየተሰጣቸው ብርዱን ያልፋሉ። ብዙ ላያድጉ ይችላሉ፤ በየካቲት አየሩ ሲሞቅ ግን ወደ ጀሪካኑ ይመለሳሉ። በጀሪካኑ ውስጥ ያለው አፈር በየዓመቱ ሲሶው ወጥቶ በአዲስ ብስባሽ ይተካል። የወጣው አፈር ሥሩ ላይ እብጠት ከታየበት ተክል የመጣ ከሆነ በሥር ትል የተያዘ ሊሆን ስለሚችል ለሌላ አትክልት አይውልም።